ያን ቀን ኔትወርክ አልሄደም

ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ

ለወንድሜ ለዘመድኩን፣

እንዴት ነህ ዘመዴ? ጆሃንስበርግ እንዴት ይዞሃል፣ ሱቅህስ? እኔ እህትህ ዕድላዊት ነኝ፣ ካሌብ አይደለሁም። ካሌብ ብሆን ኖሮ እስካሁን በቪዲዮ ታየኝ ነበር።

ወረቀት ላይ የጻፍኩልህ፣ በእማዬ ስልክ ስጮህ «ተረጋጊ» ብለህ ስለምትዘጋብኝ ነው። ወረቀት አይዘጋም። የባድሩ ሱቅ ልጅ ሙባረካ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። የኔን ስልክ ታውቀው የለ፣ እማዬ የጣለችው ባለ ቁልፉ ነው። እንኳን ፎቶ ሊያነሳ ሰዓትም በትክክል አይናገር። ባለ ካሜራው ለካሌብ ነው የተላከው። ጫማውም ለካሌብ፣ ቢጫው ቲሸርትም ለካሌብ። ቲሸርቱ ጠቦታል። አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኛል።

መጀመሪያ ቅናቴን ልጨርስ፣ ከዛ ቁም ነገሩን እነግርሃለሁ።

ባጃጅ መንዳት ማን ነው ያስተማረኝ? አንተ። ከኳስ ሜዳው ጀርባ መሪውን አስይዘኸኝ «ግራ እጅሽ ፍሪሲዮንም ማርሽም ነው፤ እሱን ከመሪው ካነሳሽ ቁልቁለት ላይ እንደ ድንጋይ ነው የምትንከባለይው» ያልከኝ አንተ ነህ። ካሌብ ያኔ ከኋላ ተቀምጦ ሸንኮራ ይግጥ ነበር። ከዛ ሰው አገር ሄደህ፣ ሠርተህ፣ ባጃጅ ስትገዛ ቁልፉ ለማን ሄደ? ለሸንኮራ በሊታው።

ቁልፉ ለካሌብ ይሁን ብለው የወሰኑ ቀን ቤት ነበርኩ። ከቸርች የጸሎት ቡድኑ መጥቶ ባጃጁ ላይ እጅ ጭኖ ጸለየ። የካሌብ እናት፣ አክስታችን አበራሽ፣ ከምዕራብ ዓባያ ድረስ መጥታ «ልጄ አይጠጣ፣ ጫት አይቅም፣ ኳየር ውስጥ ነው» አለች። ሁሉም አሜን አሉ።

«እኔም አልጠጣም» አልኩ።

«አንቺማ ሳትጠጪ ሰክረሽ ነው የምትውይው» አለች እማዬ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምን ልበል፣ መምህሩ የወረወረብኝን ዳስተር መልሼ ስለላኩለት ከአሥረኛ ክፍል የወጣሁ ልጅ ነኝ። ማን ቁልፍ ይሰጠኛል።

ግን እዚህ አገር ሰው የሚፈራው ጠጪ ሹፌር ብቻ ነው። ጎረቤታችንን ኤርጫፎን ታስታውሰዋለህ፣ ባጃጅ የሚነዳውን? አረቄ ቀምሶ ሲነዳ ትራፊክ ይዞት መንጃ ፈቃዱን ነጠቀው። እሰይ ነው ያልኩት። ከዛ በፊትም እማዬ አፉ ከሸተታት አትሳፈርም፣ በዛ ፀሐይ በእግሯ ትሄዳለች። የካሌብ አፍ ግን አይሸትም። ስለዚህ ስልኩን መሪው ላይ አስሮ ካንተ ጋር እየተሳሳቀ ሲነዳ፣ እማዬ ከኋላ ሆና «ሰላም በልልኝ» ትላለች። ኤርጫፎም መንገዱን አላየ፣ ካሌብም መንገዱን አላየ። አንዱ ተከሰሰ፣ አንዱ ተመረቀ።

አሁን ቁም ነገሩ። እማዬ ምዕራብ ዓባያ አይደለችም። አክስቴ አበራሽ ጋ ሙዝ እያስቆረጠች ነው ያሉህ ውሸት ነው።

በሕይወት አለች፣ አትደንግጥ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ካለ ሸኝተህ፣ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ያን ማክሰኞ ለካሌብ የደወልክለትን አስታውስ። ለቤቱ ካርታ ጉዳይ ሴቻ ውለን በካሌብ ባጃጅ ወደ ሲቀላ እየወረድን ነበር። እማዬ በግራ፣ እኔ በቀኝ ተቀምጠናል። «ካሌቤ፣ እስቲ ሐይቁን አሳየኝ፣ ናፍቆኛል» አልክ። ድምፅህን ስትሰማ እማዬ ፊቷ በራ። ካሌብ ስልኩን ነቀለና ወደ ውጭ ዘረጋልህ። በግራ እጁ፣ ዘመዴ። ቁልቁለቱ ላይ።

«ካሌብ መንገዱን እይ» ብዬ ጮህኩ።

«ይኸው ጀመራት» አለ።

አንተም ሳቅህ። «ዕድሌ፣ አሁንም ቅናት ነው?» አልከኝ። ከዛ ስልኩ ተቋረጠ። በኋላ ካሌብ «ኔትወርክ ሄዶ ነው» አለህ፣ አንተም አመንከው።

ያን ቀን ኔትወርክ አልሄደም። ከፊታችን ሚኒባስ ሰው ለማውረድ ቆሞ ነበር። ካሌብ ቀና ሲል ደርሰንበታል። በአንድ እጁ መሪውን ጠመዘዘው፣ ባጃጁ በግራ ጎኑ ተኛ። በግራ የነበረችው እማዬ ናት። እኔ እሷ ላይ ስለወደቅኩ ምንም አልሆንኩም። ከሷ ላይ ስነሳ ያወጣችውን ድምፅ አልጽፍልህም።

ጭኗ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል። ከሐኪም ቤት ወጥታ አሁን ቤት ተኝታለች፤ የማገላብጣት እኔ ነኝ። በድምፅ ብቻ የምታዋራህ አልጋውን እንዳታይባት ነው። እንደ ድሮዋ ትራመድ እንደሆነ ሐኪሙም አላወቀም።

ሁሉም «በሰው አገር ያለ ልጅ ክፉ አይነገረውም» ብለው ተስማሙ። የባሰችው እማዬ ናት። «ስንወድቅ ስልኩ ላይ እሱ እንደነበረ ካወቀ ይሰበርብኛል፤ የኔ እግር ይበቃል» አለችኝ። ዝም አልኩላት። እኔ ዝም ስል ትንሽ እንኳን አልገረመህም?

እስከ ትናንት ቻልኩት። ላንተ «ሞተሩ ተበላሽቶ ነው» የተባለልህ ባጃጅ ተጠግኖ ሰኞ ከጋራዥ ይወጣል። ካሌብ ቤት መጥቶ፣ «ዘመዴ መጀመሪያ በሴቻ መንገድ በቪዲዮ ይዘኸኝ ውረድ፣ ያን ቀን ሐይቁን ሳላየው ቀረሁ ብሎኛል» እያለ ሲያወራ ሰማሁት። ትንሿን እህታችንን ሔርሜላን ከኋላ እጭንሻለሁ ብሏታል። እህትህ ከአሁኑ ሹሩባ ተሠርታ ሰኞን እየጠበቀች ነው። የት በኩል ልቀመጥ ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ የፈለግኩት ያኔ ነው።

ካሌብ ክፉ ልጅ አይደለም። ሐኪም ቤት እማዬ እግር ሥር ተደፍቶ አልቅሷል፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ግን ያንተ ስም ስልኩ ላይ ሲበራ እጁ ሳያዘው ይሄዳል። እኔም ብሆን ኖሮ፣ እንጃ፣ ደውለህልኝ ስለማታውቅ አላውቅም።

አዎ፣ እቀናለሁ። ስልኩም ቁልፉም ቲሸርቱም ይሁንለት፣ እየተቃጠልኩ እኖራለሁ። ያን ቀን የጮህኩት ግን በቅናት አልነበረም።

ሰኞ ለካሌብ አትደውልለት። እሱም ቢደውልልህ፣ ከድምፁ ጀርባ ሞተር ከሰማህ ዝጋበት። ሔርሜላን አስብ። ለእማዬ ደግሞ እንደነገርኩህ አትንገራት። ስትደውልላት «ሙዙ እንዴት ነው?» በላት። መዋሸቱ ያደክማታል፣ ግን ያንተን ለቅሶ ከምትሰማ እሱ ይሻላታል።

ሐይቁ ከናፈቀህ ለኔ ደውል። ይሄ ስልክ ምስል የለውም። በእግሬ ሴቻ እወጣና መንገዱ ጥግ ላይ ድንጋይ ፈልጌ እቀመጣለሁ። ዓባያ ዛሬ ምን ያህል እንደቀላ፣ ጫሞ ላይ ደመናው የት እንደደረሰ፣ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ። ቁጭ ብዬ ነው የማነሳልህ። እስክትጠግብ አልዘጋብህም።

ጌታ በሰው አገር መውጫ መግቢያህን ይጠብቅልን። እጅህን ይባርከው። ሳትሰበር በሰላም ያምጣህ፣ እማዬ ቆማ የምትቀበልህ ያድርግልን።

ቀናተኛዋ እህትህ፣
ዕድላዊት