ወተት ላይ የተነሰነሰ አመድ

ውድ አያ ክንዱ፣

«ውድ» ያልሁት ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲህ ስለሚባል ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። ደኅና ነህ ወይ ብዬም አልጠይቅህም። ደኅና እንደሆንህ አያ ዳኛው ነግረውኛል።

የላክሃቸው ሽማግሌዎች ትናንት እዚህ ፀዳ ድረስ መጥተው ነበር። አያ ዳኛው በዚያ እርጅናቸው ከኮሶዬ በሚኒባስ ተጨናንቀው መምጣታቸው አሳዘነኝ። ምሳ አብልቼ ሸኘኋቸው፤ የጾም ነው፣ ሽሮና ጎመን፣ አትስጋ። «ወንድምሽ ዘንድሮ ለፋሲካ ሊቆርብ ይፈልጋል። የነፍስ አባቱ ግን መጀመሪያ ከእኅትህ ታረቅ ብለውታል። ምነው ልጄ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ብትዪው» አሉኝ። አስቤበት መልሴን በጽሑፍ እልካለሁ አልኋቸው። ይኸው መልሴ።

ስለ አንተ ብዙ ሸጋ ሸጋ ነገር አወሩልኝ። በጾመ ነነዌ ማቅ ለብሰህ፣ ራስህ ላይ አመድ ነስንሰህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተደፍተህ ሰነበትህ አሉ። ሰውም «እንዲህ ያለ ንስሐ ከወዴት ይገኛል» እያለ ያደንቅሃል አሉ። እኔ ግን አመድ ሲሉኝ የታየኝ ሌላ አመድ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አምና በሁዳዴ እምዬ የሳንባ መድኃኒት ጀመረች። ሐኪሙ «ሰውነቷ አልቋል፤ ወተትና እንቁላል ካላገኘች መድኃኒቱን አትችለውም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ትውጠዋለች፣ መልሳ ታስመልሰዋለች። እሷ ግን እሺ አላለችም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ሽሬ አላውቅ፣ አሁን መቃብር አፋፍ ላይ ቆሜ ልገድፍ?» አለች። ቢቸግረኝ የነፍስ አባቷን ቄስ ወልደኢየሱስን ለምኜ ቤት ድረስ አመጣኋቸው። መደቧ አጠገብ ተቀምጠው ምን አሏት? «አየለች፣ ጾም ለጤነኛ ነው የተሠራው። ጠጪ፤ ትእዛዜ ነው። ኃጢአት ከሆነ እኔ እጠየቅበታለሁ።» አንተ በሩ ላይ ቆመህ ሰምተሃል። አልሰማሁም እንዳትለኝ! መስቀላቸውን ተሳልመህ የሸኘሃቸው አንተው ነህ።

እምዬ ያን ቀን ፊቷ በራ። ወተቱን ከገዛ ላሟ አለብሁ፣ አፈላሁ፣ በኩባያ አድርጌ አቀረብሁላት። ወደ አፏ ልታደርሰው ስትል አንተ ከደጅ ገባህ። ወደ ምድጃው ጎንበስ አልህና አመድ በእፍኝህ ዘግነህ ኩባያው ውስጥ ነሰነስህበት። ከዚያ በኋላ ነው ጎረቤት እስኪሰማ የጮህኸው፤ «እኔ በቆምሁበት ቤት ሁዳዴ አይገደፍም! ቄሱ ተሳስተዋል!» አቤት ያንተ ነገር! ዳዊት መድገም ስለቻልህ ከቄሱ በላይ ቄስ ሆነህ አረፍኸው።

ልጮህብህ ስነሣ እምዬ ቀሚሴን ያዘችኝ። «ተዪው ልጄ፣ ለነፍሴ ሳስቶ ነው» አለችኝ። ወተቱን ለውሻው ደፋሁት፤ እሱም አሽትቶ ተወው።

አንተ እኮ እንዲህ አልነበርህም። ልጆች ሆነን ጾሙ ሲከብደኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቆሎ በጉያህ ደብቀህ የምታቀብለኝ አንተ ነበርህ። ያ ልጅ የት ገባ? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ መሰለህ።

ከዚያ ወዲያ ብለምናት፣ ባለቅስባት እምዬ እንቢ አለች። አንተ እርሻ ስትወርድ ጠብቄ ሳቀርብላት በሩን በሩን ታይ ነበር። «ኧረ ማንም አያይሽም እምዬ» ስላት የመለሰችልኝን ልንገርህ፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁትም። «እግዜርስ ይቅር ይለኛል፤ ክንዱ ግን አይምረኝም» አለችኝ። ሰማህ? እናታችን ተርባ የሞተችው እግዜርን ፈርታ አይደለም፤ አንተን ፈርታ ነው።

የሞተችውም በሰሞነ ሕማማት ሆነ። ያ ሳምንት ፍትሐት የለው፣ ሰላምታ የለው፣ መሳሳም የለው። በሳምንቱ ለሚሞቱት ሁሉ በሆሳዕና አስቀድሞ ተጸልዮላቸዋልና እሷንም ያለ ፍትሐት ቀበርናት። አንገቴን አቅፎ ያጽናናኝ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓት ነውና አልከፋኝም። የከፋኝ አንተ ነህ። ለቀስተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ጣትህን ቀሰርህብኝ። «እቺ ናት በሁዳዴ ወተት አጠጥታ እናቴን ያስቀሠፈቻት!» አልህ። አንዲት ጠብታ በጉሮሮዋ እንዳልወረደች እያወቅህ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዛሬ ኮሶዬ ላይ ልጅ በጾም እንቁላል ሲያምረው «እንደ አየለች ትቀሠፋለህ» እያሉ ያስፈራሩታል። የነገረችኝ ብርቄ ናት፣ አጥር ለአጥር ጎረቤታችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጾም፣ ስትሰግድ የኖረች ሴት የጾም አፍራሽ ምሳሌ ሆና ቀረች። እኔን ያሉትን ይበሉኝ፣ ፀዳ ላይ ማን ያውቀኛል። እሷ ግን ከመቃብር ተነሥታ መልስ አትሰጥ ነገር! ይኼ ነው አንጀቴን የሚያሳርረኝ።

አሁን ይቅርታ ፈለግህ። እንግዲያው ስማኝ። በአመድህ አልታረቅህም። አመድ ራስ ላይ መነስነስ ቀላል ነው፤ ታጥበህ ትገላገለዋለህ፣ ሰውም ያመሰግንሃል። እኔ የምፈልገው የማያስመሰግንህን ነው። የፊታችን ሆሳዕና ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ቄስ ወልደኢየሱስን አስፈቅደህ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቁም። «እናቴ ጾሟን አልገደፈችም። የነፍስ አባቷ ጠጪ ብለዋት ነበር፤ ወተቱ ላይ አመድ ነስንሼ የከለከልኋት እኔ ነኝ። በእኅቴም ላይ በሐሰት ተናገርሁ» በል። ሌላ አልጠይቅህም። ማልቀስም አያስፈልግህም።

እመጣለሁ። ከሴቶቹ ጋር ቆሜ እሰማሃለሁ። ከተናገርህ እዚያው ፊታቸው ይቅር ለእግዚአብሔር እልሃለሁ፤ አንተም በሰላም ቁረብ። ከልቤ ይሁን ከአፌ ዛሬ ላይ ሆኜ ልነግርህ አልችልም።

ዝም ካልህ ግን እኔው ወጥቼ እናገራለሁ። «ሴት በዐውደ ምሕረት!» ብለው ይጎትቱኝ፤ እየጎተቱኝም እናገራለሁ። እናቴ በክፉ ስትነሣ እየሰማሁ ከምኖር ወንድም ባጣ ይሻለኛል።

የአየለች ልጅ፣
ዝናሽ