የተሰጠ አይመለስም

ቆቦ፣ የካቲት 9

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምሽ? የሎጊያ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? የጉልበትሽ ሕመምስ ተሻለሽ ወይ? ምግብ ቤት አብረውሽ የሚሠሩትን ሁሉ ሰላም በይልኝ። እኛ ዘንድ ማሽላው ገብቷል፣ ላሚቷም በሰላም ወልዳለች። ረመዳን ሊገባ ስለሆነ ቤቱን ስጠርግ ሰነበትኩ። እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጨንቆኛል፣ እማዬ። ከትናንት ጀምሮ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልካችን አንድ ስለሆነና አባዬም ከአጠገቤ ስለማይርቅ ነው። ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ሐሙስ ሽንኩርት ጭኖ ሎጊያ ለሚወርደው ለአህመድ እሰጠዋለሁ፤ ምግብ ቤትሽ ድረስ ያመጣልሻል።

ሰመራ ኮሌጅ ውስጥ ቦታ እንዳገኘሽልኝ፣ ምዝገባውም በወሩ መጨረሻ እንደሚያበቃ የነገርሽኝ ቀን ወዲያው ለአባዬ አጫወትኩት። ዝም አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለኝ። ዝምታውን ታውቂዋለሽ፤ አንቺንም ከቤት ያስወጣሽ እሱ ነው። በአራተኛው ቀን፣ እሁድ እንጋጠም፣ ካሸነፍሽኝ ትሄጃለሽ፣ ከተሸነፍሽ ትቀሪያለሽ አለኝ። በጎልፍ ማለቱ ነው።

ጨዋታውን አንቺ አታውቂውም። አባዬ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ጎልፍ ሜዳ አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ዱላ ሲሸከምና ሣር ሲያጭድ እንደኖረ ታውቂያለሽ። በጆንያ ይዞ ያመጣቸውን አሮጌ ዱላዎች አንቺ በርበሬ የምታሰጪበትን ሸራ ትወጥሪባቸው ነበር። አንቺ በሄድሽ በዓመቱ እነሱን አወጣና ከሆርማት ወንዝ ማዶ፣ የግጦሽ መሬቱ ላይ ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፈረ። ሣር የለም፤ በጉድጓዶቹ ዙሪያ የተቃጠለ ዘይት የጠጣ አሸዋ ተደልድሏል። ግመል ያቋርጠዋል፣ ፍየል ኳስ ነጥቃ ትሮጣለች። መጀመሪያ ሰዉ ሚስቱ ትታው ብትሄድ አበደ ብሎ ነበር፤ ይቅር በይኝ፣ ያሉትን ነው የምነግርሽ። አሁን አስተማሪዎቹም የባጃጅ ሾፌሮቹም ይጫወታሉ። ሜዳውን የሚጠብቀው ያ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው ጎረቤታችን አያ በርሄ ነው።

ሁለት ሰው ይገጥማል፤ አንዷን ጉድጓድ ባነሰ ምት ያገባ ያችን ጉድጓድ ያሸንፋል። ዘጠኙ አልቆ እኩል ከወጡ እንደገና ከመጀመሪያዋ ጀምረው ተጨማሪ ይጫወታሉ። ያኔ አንዱ አንዷን ጉድጓድ ካሸነፈ ጨዋታው እዚያው አለቀ። ሌላም ሕግ አለ። የተጋጣሚሽ ኳስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከደረሰ «ሰጥቻለሁ» ትይዋለሽ፤ እንዳገባ ይቆጠርለትና ኳሱን ያነሳል። ከፈለግሽ ጨዋታውንም እንዳለ መስጠት ትችያለሽ። አባዬ ከሁሉ በፊት ያስተማረኝ ይህን ነው። የተሰጠ አይመለስም፤ አልቀበልም ማለትም የለም።

ሦስት ዓመት ስጫወተው አንድ ቀን አሸንፌው አላውቅም። ትናንት እንደ ልማዱ ማልዶ ብቻውን ወጣና አያ በርሄን የዛሬዎቹ ጉድጓዶች የት የት ናቸው ብሎ ጠይቆ፣ ሜዳውን ሁሉ በእግሩ ለክቶ ጠበቀኝ። ኳስ በመታ ቁጥር «የት ወደቀች?» ይለኛል። ሊፈትነኝ ይመስለኝ ነበር፤ ኳስ በዓይኑ የማይከተል ተጫዋች አይባልም ብሎ የሚቆጣኝ እሱ ስለሆነ። እየሮጥኩ አሳየዋለሁ። እርምጃውን እየቆጠረ ይጠጋና፣ ጎንበስ ብሎ ኳሷን በዱላው ጫፍ ነካ አድርጎ ይመታል። ይህን ሁሉ ዓመት እያየሁ አንድ ቀን እንኳ ለምን አላልኩም። ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ።

ወላሂ እንደ ትናንት ተጫውቼ አላውቅም። ሁለት ጉድጓድ መራኝ፤ ሁለቱንም መለስኩ። ዘጠነኛው ላይ እኩል ወጣንና ቁርቁራው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ውሃ ጠጣን። አባዬ ላቡን እየጠረገ ሳቀብኝ። እልኸኛ ነሽ፣ እናትሽን ነው የወጣሽው አለኝ። አንቺን ካነሳ ስንት ጊዜው ነው።

በዚያ መሃል አያ በርሄ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጉድጓዶች ቦታ ቀየረ። ሲጫወቱባቸው አፋቸው ስለሚፈርስ የቀድሞዎቹን ደፍኖ ጥቂት እርምጃ ራቅ አድርጎ አዲስ ይቆፍራል። ከሰዓት በኋላ ለሚጋጠሙት አስተማሪዎች፣ ለነዘካሪያስ ብሎ ነው። እኔ ሲቆፍር እያየሁት ነበር። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

ተጨማሪውን ጀመርን። የመጀመሪያዋን ጉድጓድ እኔ በአምስት አገባሁ። አባዬ አራት መትቶ ኳሱ ከአዲሱ ጉድጓድ አንድ ክንድ ላይ ቆማለች፤ ካገባት እኩል ነን፣ ከሳታት ነፃ ነኝ። ተጠጋ፤ በዱላው ኳሷን ዳሰሳት። ከዚያ ለአዲሱ ጉድጓድ ጀርባውን ሰጠና ፊቱን ጠዋት ጉድጓዱ ወደነበረበት አዞረ። እዚያ ምንም የለም፣ እማዬ፤ የተደለደለ አሸዋ ብቻ ነው። ባንዲራው ከኋላው ተተክሏል። እሱ ግን ተረጋግቶ፣ እግሩን አመቻችቶ፣ ሊመታ ዱላውን ወደኋላ ሳበ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገርሽ፣ ካልነገርኩሽ ያንቀኛል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሳታት፣ ሄድኩ አልኩ በልቤ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ቀጥሎ ሁልጊዜ «የት ወደቀች?» የሚለኝ ትዝ አለኝ። አያ በርሄ ሊናገር አፉን ሲከፍት በእጄ ምልክት ዝም አሰኘሁትና «ሰጥቻለሁ» አልኩ። አባዬ ኳሱን አነሳ።

ሁለተኛዋም ላይ እንደዚያው ሆነ። አሁን ግን ኳሱ ከጉድጓዱ አምስት እርምጃ ትርቃለች። አምስት እርምጃ ማንም ለማንም አይሰጥም፤ ለሕፃንም አይሰጥም። እኔ ሰጠሁት። ሌላ ምን ላድርግ? ሲመታ ቆሜ ልየው?

ኳሱን አላነሳም። «በርሄ፣ ጉድጓዶቹን ቀይረሃቸዋል እንዴ?» አለ።

አያ በርሄ እኔን አየኝ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ውሃ ስትጠጡ ቀየርኳቸው አለው። አባዬ ኮፍያውን አወለቀ። ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። እጁን የዘረጋው እኔ ወዳልቆምኩበት ነው። ሄጄ እጁ ካለበት ፊት ቆምኩና ጨበጥኩት።

«ጨዋታው ያንቺ ነው» አለኝ። «ሰጥቻለሁ።»

አልቀበልም ብዬ ጮህኩ፣ አለቀስኩ፣ እንደገና እንጫወት ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ሕጉን አስተምሬሻለሁ አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ትከሻዬን ይዞ ሄደ። ከዚህ በፊት ይዞኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ስለ እኔ ለእናትሽ አንዲት ነገር እንዳትነግሪ ብሎ በአላህ አስማለኝ፤ ምዬለታለሁ። ስለ ጨዋታው አትንገሪ ግን አላለኝም። ስለ ጨዋታው ነው የጻፍኩልሽ።

የአያቴ ለቅሶ ጊዜ ጎብዬ ላይ የሆነውን አንስቼብሽ አላውቅም። አጎቴ መህዲ እጁን ዘርግቶ አባዬ አልፎት ሄደ፤ ድንኳን ሙሉ ሰው አየ። ወንድሜን በሰው ፊት የናቀ እኔን ንቋል ብለሽ ልብስሽን ቋጠርሽ። ሽማግሌ ሲላክበትም አባዬ አንድ ቃል አልወጣውም። አልፈርድብሽም፤ እኔም አራት ዓመት ሙሉ ጠግቦ ነው ብዬ ፈርጄበታለሁ። አሁን ግን ያን ቀን ስገባ ያየሁትን ልንገርሽ። እኔ ከአባዬ ኋላ ነበርኩ። ከቀትር ፀሐይ ነው የገባነው፣ ድንኳኑ ጨለማ ነበር። አጎቴ መህዲ ከበሩ በስተቀኝ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የአባዬን ኮት ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ደሴ ያለ ሐኪም የሰጠው ወረቀት አገኘሁ። ቀኑ ከለቅሶው በሁለት ወር ይቀድማል። የተጻፈውን አልገለብጥልሽም፤ መሐላ አለብኝ።

አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኩት። «ሎጊያን እግሬ አያውቀውም» አለኝ። «እዚህ ከቤቴ እስከ መስጊድ አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው።» ባለፈው ሳምንት ግን የመስኖው ቦይ ውስጥ ወድቆ ጉልበቱ ደምቶ ነው የመጣው፤ አንሸራተተኝ ብሎኝ አምኜዋለሁ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፣ እማዬ። አልሄድም ስለው ከሱ ጋር ጠላት ልንሆን ነው፤ ልብሴን ራሱ አጣጥፎ ቦርሳዬን በር ላይ አስቀምጦታል። አንዱን ሸሚዜን ገልብጦ አጥፎታል። ልክ አደርገዋለሁ ብዬ እጄን ሰድጄ ሳልነካው ተውኩት።

አንቺ ካልመጣሽ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ከአህመድ ጋር እወርዳለሁ፤ አባዬ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማሰብ አልችልም። ረመዳን ሲገባ ምግብ ቤትሽ ቀን ቀን ስለሚዘጋ ጥቂት ቀን ብትጠፊ ሥራሽ አይጎዳም ብዬ አሰብኩ። አህመድ ቅዳሜ መኪናውን ባዶውን ይዞ ስለሚመለስ ጋቢና ውስጥ ቦታ እንዲይዝልሽ ነግሬዋለሁ። እንድትታረቂው አይደለም የምለምንሽ። እንድትመጪ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ አባዬን ይዤ መናኸሪያው በር ላይ እቆማለሁ። ማንን እንደምንጠብቅ አልነግረውም። አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ኢፍጣሩን አንድ ማዕድ ላይ ያድርግልን። ስትወርጂ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ቢቆም፣ አጠገቡ ደርሰሽ ዝም ቢልሽ፣ በአላህ ይዤሻለሁ አትቆጪ። ሰላምታውን አትጠብቂ። ቀረብ ብለሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ፣ አንቺ ቀድመሽ ሰላም በይው።

ልጅሽ