ጣቢያው ከተዘጋ በኋላ ስለ ተፈለጉት አባባ ጎሹ

አሽቀሎን፣ 14.3.1993

ለሰፈር ፖሊስ ጣቢያዎች ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሽኹናት ኤሼል ፖሊስ ጣቢያ የሰው ኃይልና የሥራ ሰዓት ጉድለት ሰው ስለ መሞቱ፣ የቀረበውም አቤቱታ "አልቀረበም" ስለ መባሉ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

እኔ አመልካች ሲሳይነሽ ካሣሁን የሽኹናት ኤሼል ነዋሪ ስሆን፣ እስካለፈው ወር ድረስ በሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ዕብራይስጥ ጠፍቶኝ አይደለም። በጣቢያው በር ላይ "በቋንቋችሁ አመልክቱ፣ አስተርጓሚያችን ሰኞ ሰኞ ይገኛል" የሚል የአማርኛ ወረቀት ስለ ለጠፋችሁ ነው። ጣቢያው ሰኞ ዝግ መሆኑን ወረቀቱ አይናገርም። አስተርጓሚው በመጀመሪያው ሰሞን ሁለት ሰኞ መጥቶ አንኳኩቷል። እኔ ውስጥ ወለል እየወለወልኩ ነበር፤ ለማንም እንዳልከፍት ስለታዘዝኩ አልከፈትኩለትም። ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ አልፈርድበትም።

1. ጣቢያው ሲመረቅ እኔም ነበርኩ። እርስዎን የመሰሉ አንድ ትልቅ ሰው "ከእንግዲህ ፖሊስ ጎረቤታችሁ ነው" ብለው ተናግረው፣ ብስኩት በልተን ተለያየን። ጎረቤታችን እሑድ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከጠዋቱ 8 እስከ ቀኑ 1 ሰዓት ይገኛል። (ሰዓቱንም ቀኑንም በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በሳምንት አሥራ አምስት ሰዓት ማለት ነው። ሌባም፣ ሚስቱን የሚደበድብም፣ የታመመም ሰዓቱን ጠብቆ እንዲመጣ ማስታወቂያ አልወጣም።

2. በጣቢያው ውስጥ ሦስት ጠረጴዛና ሦስት ወንበር አለ፤ ሾቴር፣ ማለት ፖሊስ፣ ግን አንድ ነው። እሱም ዮታም የሚባል ልጅ እግር ሲሆን ሦስት ሰፈር ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ 1 ሰዓት ሳይሞላ ቁልፉን ይዞ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። ሁለቱን ወንበሮች አሥራ አራት ወር ሙሉ አቧራቸውን ጠርጌአለሁ። የተቀመጠባቸው ስለሌለ ዛሬም እንደ አዲስ ናቸው።

3. አባባ ጎሹ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ በአውሮፕላኑ የመጡ ናቸው፤ ከልጃቸው ከሀብትነሽ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ዕብራይስጥ አይሰሙም፤ ማንበብም አይችሉም። ዓይናቸው ስለደከመ ማክሰኞ የካቲት 9 ጠዋት ለዓይን ጠብታ ብቻቸውን ወደ ክሊኒክ ወጡ። መንገዱ አሥር ደቂቃ ነው፣ ደጋግመው ሄደውበታል። እስከ ቀትር አልተመለሱም። ሀብትነሽ ከሥራ ስትመጣ ቤቱን ባዶ አገኘችው። ክሊኒኩን፣ ገበያውን፣ ጸሎት ቤቱን አዳርሳ ወደ ጣቢያው ስትደርስ 1 ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

4. በሩን በሁለት እጇ ስትመታ ሰማሁ። ትእዛዜን አውቃለሁ። ከፈትኩላት። ጸጉሯ በዝናብ ረጥቦ "እትዬ ሲሳይነሽ፣ አባቴ የለም፤ ሾቴሩ የት አለ?" አለችኝ። ሄዷል አልኳት። በር ላይ ወደ ተለጠፈው የተረኛ ስልክ ደወልን፤ አንድ ሰው አነሳ። የተባባልነውን ቃል በቃል አስፍሬዋለሁ፦

"ሽማግሌ ሰው ጠፍቶብናል" አልኩት።

"የየት ሰፈር ነው?"

"የሽኹናት ኤሼል።"

"እንግዲያው እዚያው የሰፈራችሁ ጣቢያ ሄዳችሁ አመልክቱ።"

"ያለሁት ጣቢያው ውስጥ ነው።"

"ሾቴሩን አቅርቢልኝ።"

"ሾቴሩ የለም። ሰዓቱ አልፏል፣ ተዘግቷል፣ ሳጉር ነው።"

"ታዲያ አንቺ ማን ነሽ?"

"የምጠርገው ነኝ።"

ሳቀ። ከዚያ "ማኻር፣ ከ8 ሰዓት ጀምሮ" ብሎ ዘጋው። ስማቸውን አልጠየቀም። ዕድሜያቸውንም፣ ምን እንደለበሱም አልጠየቀም። ነገ ማለቱን ሀብትነሽ ከፊቴ አነበበችው፤ እኔ አልተረጎምኩላትም።

5. እዚያው ጠረጴዛ ላይ የዕለት ሁኔታ መዝገብ ነበር። ጎንደር ከተማ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ መጻፍ አያቅተኝም። ሀብትነሽ እየነገረችኝ ስማቸውን፣ ነጭ ጋቢ መልበሳቸውን፣ ከዘራ መያዛቸውን፣ የግራ ዓይናቸው መድከሙን በዕለቱ ገጽ ላይ በዕብራይስጥ ጽፌ ሰዓቱን አኖርኩ። ዮታም ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ያንን እንዲሆን ብዬ ነው። ከዚያ መወልወያዬን ጥዬ ከሀብትነሽ ጋር ወጣሁ። የሽኹናው፣ የሰፈሩ፣ ሰው እየተጠራራ ሠላሳ ያህል ሆነን እስኪጨልም ፈለግን። የፈለግነው ግን በሰፈራችን ዙሪያ ነበር፤ ሌላ ቦታ ለመፈለግ የሚያበቃ ምንም ነገር አልነበረንም።

6. እሳቸው ግን በከተማው ሌላ ዳር፣ ባሕሩ አጠገብ ባለው ባርኔአ ሰፈር ነበሩ። ከክሊኒኩ ሲወጡ ዝናቡን ሽሽት የተሳሳተ አውቶቡስ ተሳፍረዋል። ይህን የማውቀው ከፖሊስ አይደለም። ለቅሶ ቤት መጥታ የነገረችን ኢናቭ የምትባል የባርኔአ ሴት ናት። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ፌርማታ ላይ ተቀምጠው አይታ ሻይ አመጣችላቸው። ቋንቋ ስላልተግባቡ ቤቷ ገብታ ወደ ተረኛው ስልክ ደወለች። ሰዓቱ 3 ነበር። "ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ጠፍቶ ይሆን?" ብላ ጠየቀች። "ጠፋ ተብሎ ያመለከተ የለም" ተባለች። ተመልሳ ስትወጣ ሽማግሌው ከፌርማታው ተነሥተው ሄደዋል።

ክቡር ኃላፊ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለው ሂሳቡን እንዲሠሩልኝ እለምናለሁ። እኔ የደወልኩት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። እሷ የደወለችው 3 ሰዓት ላይ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው። ኢናቭ ያነሳላት ሰው ድምፁ ወጣት፣ የሚስቅ ነበር ብላናለች።

7. ጠዋት ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው ከባርኔአ በላይ አሸዋው ላይ አገኛቸው። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። በሕይወት ነበሩ፤ ሀብትነሽንም አውቀዋታል። "ቤቱ ከባሕሩ ወዲህ መስሎኝ" ብለዋታል። በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ በሳንባ ምች ሞቱ።

8. ስለ ራሴ የምለው ጥቂት ነው። ያሠማራኝ የጽዳት ድርጅት በሳምንቱ አሰናበተኝ፤ ምክንያቱም ያልተፈቀደለት ሰው ወደ ጣቢያ ማስገባትና በመንግሥት መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። ሁለቱንም አድርጌአለሁ። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ከ1 ሰዓት በኋላ በዚያ ጣቢያ የተሠራ የፖሊስ ሥራ ቢኖር ያ ብቻ ነው፤ በጽዳት ሠራተኛ መሠራቱ እንዳሳፈራችሁ ይገባኛል። አሁን ሌላ ቦታ እሠራለሁና እንድትመልሱኝ አልጠይቅም።

9. የመጣሁበት ዋና ነገር ይህ ነው። ሀብትነሽ አመልክታ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ በየካቲት መጨረሻ መልስ ደርሷታል። መልሱ "በተጠቀሰው ቀን ስለ ሰው መጥፋት በጣቢያው የቀረበ አቤቱታ የለም" ይላል። ጥሩ ወረቀት ነው፣ ማኅተሙም ጎልቶ ይታያል። ዮታምን መንገድ ላይ አግኝቼ ስለ መዝገቡ ጠየቅሁት። አቀርቅሮ "ገጹን ቀደዱት፤ እኔ አይደለሁም" አለኝ። ሽማግሌውን ለመፈለግ ጊዜ ያገኘ ሰው ባይኖርም፣ ገጹን ለመቅደድ ጊዜ ያገኘ ሰው መኖሩ የመሥሪያ ቤትዎን ትጋት ያሳያል።

ስለዚህ፦

ሀ) ጣቢያው ቢያንስ እስከ ማታ ክፍት እንዲሆንና በሁለቱ ወንበሮች ላይ ሰው እንዲመደብ፤ ይህ ካልተቻለ ወንበሮቹ እንዲነሡና "ፖሊስ ጣቢያ" የሚለው ሰሌዳ እንዲወርድ። ዝግ ቤት መሆኑን ካወቅን ሰው ሲጠፋብን ጊዜ አናጠፋበትም።

ለ) የተረኛው ስልክ የሚሰማውን ሁሉ እንዲጽፍ። ብዕር ከሌለው እኔ እገዛለታለሁ።

ሐ) ለሀብትነሽ የተጻፈው መልስ እንዲታረም። ይህን ከሁሉ አስበልጬ እጠይቃለሁ። ሀብትነሽ ያንን ወረቀት ከተቀበለች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ማታ ማታ በሬን አንኳኩታ "እትዬ፣ መጥቼ ነበር አይደል? ነግሬሽ ነበር አይደል?" ትለኛለች። መጥተሻል፣ ነግረሽኛል እላታለሁ። ትሄድና በማግሥቱ ተመልሳ ትጠይቀኛለች። የእኔ ቃል ማኅተም ስለሌለው አልበቃትም።

እንግዲህ "ሀብትነሽ ጎሹ የካቲት 9 ቀን በ1 ሰዓት ከአርባ ጣቢያው መጥታ አመልክታለች" የሚል አንድ መስመር ጽፈው ማኅተም ያሳርፉበት። ለማድረስ ሾቴር አያሰማሩ፤ እኔው መጥቼ እወስደዋለሁ። በየትኛው ቀንና ሰዓት ክፍት እንደሆናችሁ ብቻ ያስታውቁኝ።

ከሚገባዎ ሰላምታ ጋር

ሲሳይነሽ ካሣሁን
(ፊርማ)