«አመሰግናለሁ» ያልከው ሐኪም

ውድ ሉሺየስ፣

አክስት ሃቲ ትናንት ከካሮላይና ደውላ ደስታዋን አልቻለችውም። «ወንድምሽ ድኗል! መድኃኒት የለ፣ ክሊኒክ የለ፣ በጸሎት ብቻ! እሁድ ሲዘምር ቤተ ክርስቲያኑ ተናወጠ!» አለችኝ። እልል እንድል ጠብቃ ነበር። እኔ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ኮርኔልም እኮ እንዲህ ነበር የዳነው። ዕፁን ትቶ ሰውነቱ ረስቶት ቆየ፣ አንድ ቀን ከፋው፣ የድሮውን ያህል ወሰደ፣ ሰውነቱ አልቻለውም፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ወድቆ አገኘነው። ወንድማችንን አብረን ቀብረን፣ አንተ መድኃኒትህን ጥለህ ትሄዳለህ? ምን ነካህ?

ምን እንደነካህ አውቃለሁ፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። አንተና የሥራ ባልደረባህ ዳግ ወደብ ላይ አንድ ጭነት ስታነሡ ወገባችሁ ተጎዳ። አንድ ሐኪም አንድ ዓይነት የሕመም ማስታገሻ ሰጣችሁ፣ ሁለታችሁንም ሱስ አስያዛችሁ። ዳግ ከከተማ ውጭ ካለው ሐኪሙ የወር የሱስ ማስተዊያ መድኃኒቱን ተቀብሎ ቤቱ ይሄዳል፤ ክኒኗን ከምላሱ ሥር ያደርጋታል፣ ሥራው ይገባል። አንተ ግን ጎህ ሳይቀድ ክሊኒኩ በር ላይ ትሰለፋለህ። ፈሳሹን መድኃኒት ነርሷ ፊት ትጠጣለህ፣ «አፍህን ክፈት! አሁን ተናገር!» ትልሃለች፣ መዋጥህን ለማረጋገጥ። አንተን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዲያቆን! በዚያ ሰልፍ ምክንያት እያረፈድክ ሥራህን አጣህ።

የሐኪሙን ስልክ የሰጠህ ዳግ ራሱ ነው፤ ነጭ ይሁን እንጂ ልቡ ደግ ነው። አንተ ስትደውል ጸሐፊዋ «አዲስ ታካሚ አንቀበልም» አለችህ። ስልኩን ነጥቄ በዚያ ድምጼ ደወልኩ። እናታችን ቤት ስትፈልግ፣ እኔ ሥራ ስጠይቅ የምናወጣው፣ በስልክ ነጭ የሚያስመስለን ድምጽ። ሴትዮዋ ማር ሆነች። «ነገ ጠዋት ይመችዎታል፣ ሚስ ዊትፊልድ?» አንተ ወንበሩ ላይ በሳቅ ልትሞት!

«ቬርኒ፣ ይቺን እመቤት ከየት አመጣሻት? ውሻዋንስ ማን ያናፍስላታል?»

«ዝም በል፣ ትሰማሃለች!» አልኩህ አፌን በእጄ ይዤ። እንደዚያ ስትስቅ ካየሁህ ስንት ጊዜዬ ነበር።

በማግስቱ ስንገባ ጸሐፊዋ እኛን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ እንደገና እኛን አየች። «እርስዎ ነዎት ሚስ ዊትፊልድ?» ሐኪሙ ቢሮው እንኳ አላስገባንም። ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ወገብህን ሳይነካ፣ ስምህን ሳይጠይቅ ለእኔ ተናገረ፣ አንተ እዚያ የሌለህ ይመስል።

«ወንድምዎ ቁጥጥር ያስፈልገዋል። እናንተ ሰፈር በየቀኑ የሚያጠጣ ክሊኒክ አለ አይደል? ይቺ ክኒን መንገድ ላይ ትሸጣለች።»

«ዳግ ሲሸጣት አይተውታል?» አልኩት።

«ስለ ሌላ ታካሚ አልነጋገርም።»

«ስለ ሌላ አይደለም የጠየቅኩዎት! አንድ ወደብ፣ አንድ ጭነት፣ አንድ ሕመም! ልዩነቱ ምንድን ነው? ይንገሩኛ!»

«ተይው ቬርኒ፣ እንሂድ» ብለህ ክንዴን ጎተትከኝ። ቀጥለህ ኮፍያህን አነሣህና «አመሰግናለሁ፣ ዶክተር» አልከው።

ምኑን ነው ያመሰገንከው? ንገረኝ እስቲ! እሱን ሰውዬ አልምረውም፤ ለሐኪሞች ቦርድ አቤት ብያለሁ፣ እስኪጠሩት አልለቃቸውም። ካንተ ጋር ያለኝ ጠብ ግን ሌላ ነው። እንደማትታመን ሰው ሲያይህ አመንከው። በሳምንቱ «ለእኔ ዓይነቱ መድኃኒቱም ይቅር» ብለህ ሻንጣህን ይዘህ ወደ አክስት ሃቲ ሄድክ። ያንተ ዓይነቱ ማነው? እናታችን የወለደችው አይደለም?

እናታችንም «ጌታ ያውቃል» እያለች ነው። «ጌታ መድኃኒት አይጠላም፣ እማዬ» አልኳት።  የኮርኔልን ፎቶ አቅፋ ነው የምትተኛው።

አሁን ስማኝ። እዚሁ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ አዲስ ሐኪም መጥታለች፣ ዶክተር ሬኔ ባፕቲስት፣ ከእኛው ወገን ናት። ሄጄ አነጋገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ወገብህ ሌሊት ያስተኛህ እንደሆነ ነው። ያንኑ የዳግን ክኒን ትሰጥሃለች፤ በደንብ ከተስማማህ በኋላ የወሩን ይዘህ ትሄዳለህ፣ አፍህን ክፈት የሚልህ የለም። ማክሰኞ ከሰዓት ትጠብቅሃለች። እስከዚያ ቢከፋህ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ምንም ነገር ከመውሰድህ በፊት ደውልልኝ፤ ብቻህን እንዳትሆን።

ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜያለሁ። ካልወረድክ፣ ተመላሹ ላይ ተሳፍሬ እመጣና ከአክስት ሃቲ መዘምራን መሃል በጆሮህ ጎትቼ አወጣሃለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ያን ጊዜ ይናወጥ። ሁለተኛ ወንድም አልቀብርም፣ ሉሺየስ። አልቀብርም አልኩህ።

የተናደደችው እህትህ፣
ቬርኔታ