በጨዋታው ማግስት የመጣ መርዶ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ አሟሟትህን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ወር ግን እማዬ እውነቱን ነገረችኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ኮሌጅ ፓርክ ከተማ የነበረው ቤታችን ተሸጦ እማዬ አሁን ማሪዬታ ከተማ፣ እኔ ሰፈር ትኖራለች። እኔ በዚያ በፉትቦሉ ፕሮፌሽናል ሆኜ አራት ዓመት ተጫወትኩ፤ የጉልበቴ ጅማት ሁለቴ ተበጠሰና በቃ ተባልኩ። አሁን የሃይስኩል ልጆች አሠለጥናለሁ። አግብቻለሁ። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችን፤ ግንባሯ ቁርጥ ያንተ ነው።

አንተን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የሃይስኩሉ ሜዳ ነው። የሆቴሉን እንግዶች የሚያመላልሰውን ሻትል ስትነዳ ትውልና ዩኒፎርምህን እንኳ ሳትቀይር ትመጣለህ። ያ የአሜሪካኖች ፉትቦል እስከ መጨረሻው አልገባህም። ኳሷን አቅፌ ስሮጥ አራት አምስት ሰው ሲከመርብኝ ብድግ ትላለህ፤ ከሥራቸው ስወጣ ደግሞ አጠገብህ ላለው ለማታውቀው ሰው በአማርኛ "ተነሥቷል! ተነሥቷል!" ትለዋለህ። ያኔ አፍርብህ ነበር።

ለኮሌጅ ሌላ ስቴት ሄድኩ። በየእሁዱ ትደውልልኝ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስሜ ጋዜጣ ላይ መውጣት ሲጀምር ጠባዬም ተለወጠ። ከትልቁ ጨዋታ በፊት በነበረው እሁድ ደውለህ ስለ ምግቤና ስለ ብርዱ ስትጠይቀኝ፣ "አባዬ፣ ፎከስ ማድረግ አለብኝ። ለፕሮፌሽናል ቡድኖች ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎች ሊያዩኝ ይመጣሉ። ጨዋታው እስኪያልቅ ማንም እንዳይደውልልኝ" አልኩህ።

"እሺ፣ የኔ ጌታ" ብለህ ዘጋህ።

ሳምንቱን ሙሉ ስልኩ ዝም አለ። ቃሌን ስላከበራችሁልኝ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ሦስት ጊዜ መስመሩን አልፌ ነጥብ አስቆጠርኩ። ካሜራ ሲያቀርቡልኝ "አባዬ፣ አየኸኝ?" አልኩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ወንድምህ ጋሼ ታደሰ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ዶርም ድረስ መጡ። እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ መስሎኝ እየሳቅኩ አቀፍኳቸው።

"ጨዋታውን አያችሁት?" አልኩ።

"አይተነዋል፣ ልጄ" አሉ ጋሼ ታደሰ። "ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ፣ የቲቪውን ድምፅ ዘግተን አየነው።"

መርዶህ እንዲህ ተነገረኝ። አርብ ጠዋት ተኝተህ፣ ሳትሰቃይ ሄድክ አሉኝ። አመንኩ።

ባለፈው ወር እማዬን ከሐኪም ቤት መልሼ በሯ ላይ ፓርክ ሳደርግ አልወርድም አለች። ከዚያ ተናገረች። ለካ ሻትሉ ውስጥ የወደቅከው ረቡዕ ኖሯል። ሆስፒታል ሆነህ፣ አፍህ ቢጣመምም፣ ትናገር ነበር። "ልጄን ጥሩልኝ" ትላታለህ። እሷ "መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው" ትልሃለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለህ፤ ነርሷ ትገባለች።

"ለምን አልደወልሽልኝም?" ብዬ ጮህኩባት።

"ብደውል ጨዋታውን ትተህ ትመጣለህ። አባትህ እንደሆነ የሚተርፍ አልነበረም። ያንተን እንጀራ አብሬው ልቅበር?" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ደግሞስ አትደውሉልኝ ያልከው አንተ አይደለህም?"

ወረደችና የመኪናውን በር ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቷን አደርስላታለሁ፣ ልጄንም እልክላታለሁ፤ እኔ ግን ቤቷ አልገባም። ብትኖር ይቅር በላት እንደምትለኝ አውቃለሁ። አልቻልኩም። ራሴንም አልቻልኩም።

እሷ ዛሬም ለሰው ሁሉ በእንቅልፍህ እንደሄድክ ታወራለች። ሰውም "መታደል ነው" ይላታል። እኔ ግን ቃሌ ይኸው፤ እንደዚያ አድርጌ አላስታውስህም። ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ የአርብን ጠዋት አስታውሳለሁ። እስክሞት ድረስ፣ ዓይንህን በሩ ላይ ተክለህ ስትጠብቀኝ አስታውስሃለሁ።

ያልደረሰልህ ልጅህ፣
ናሆም