በሁለቱ በረዶዎች መካከል ያልጮኸው ስልክ

ይድረስ ለክቡር የክልላችን የአየር ሁኔታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነባልደረቦችዎና ከነአዲሱ መሣሪያዎ በመልካም ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም፣ የጠየቀኝ ባይኖርም፣ በብርድ ከሚጠዘጥዘኝ ጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ራግንፍሪድ ሃውግስቦ እባላለሁ። በስካርቬዳል ሸለቆ ከወንዙ ወዲህ ማዶ የምኖር፣ ባሌን ከቀበርኩ ጀምሮ ክረምት በመጣ ቁጥር በየማለዳው የበረዶውን ጥልቀት በፈቃዴ እየለካሁ ለጽሕፈት ቤትዎ ስደውል የኖርኩ ሴት ነኝ። ባለፈው ጥቅምት በረዶ በሚለካ መሣሪያ ተክተው ስላሰናበቱኝ ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል።

ቅሬታዎቼን በምስጋና መልክ ማቅረቤን እንደ ጨዋነት ይቁጠሩልኝ።

፩ኛ፤ ከድካም ስለ ገላገሉን አመሰግናለሁ። በየማለዳው ከጽሕፈት ቤትዎ የምታነጋግረን ሱኒቫ የምትባል ልጅ ነበረች። ከወንዙ ማዶ የሚኖረውን አይለርትንና እኔን በአንድ መስመር ታገናኘንና ልኬታችንን ትቀበለን ነበር። ቀድሞ በሸለቆው ብዙ ነበርን፤ ሌሎቹ አንድም ሞቱ፣ አንድም ወደ ከተማ ወረዱ። አይለርት የእኔን ቁጥር በሰማ ቁጥር ይጮህ ነበር፦ «ሴትዮ፣ አንቺ የምትለኪው በረዶ ሳይሆን ነፋስ የከመረልሽን ነው!» እኔም «አንተ ደግሞ መነጽርህን ሳታደርግ ነው የምታነበው!» እለው ነበር። ሱኒቫ ሳቋ እስኪያልቅ ትታገሠንና «በሉ፣ ሁለታችሁም በሕይወት እንዳላችሁ መዝግቤያለሁ» ብላ ትዘጋለች። ይህን ጊዜ ማባከን ማስቀረትዎ ለመንግሥት ሥራ ምንኛ ጠቃሚ እንደሆነ ይገባኛል።

ክቡርነትዎ «ታዲያ ለምን እርስ በርሳችሁ አትደዋወሉም?» ሊሉ ይችላሉ። አገራችንን የማያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። በእኛ ሸለቆ ያለ ምክንያት የተደወለለት ሰው ስልኩን አንሥቶ «ማን ሞተ?» ነው የሚለው። የእኛ ምክንያት በረዶው ነበር። እርስዎ በረዶውን ወሰዱት፤ እኛም ዝም አልን።

፪ኛ፤ መሣሪያዎ ፈጽሞ እንዳልተሳሳተ በአደባባይ እመሰክራለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በብረት ምሰሶ ላይ ቆሞ፣ ሳይታመም፣ ሳይከራከር፣ ሳያስል ይለካል። እኔም በልማድ መለካቴን አልተውኩምና ሳመሳክረው ልዩነታችን የጣት ውፍረት አይሞላም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አይለርት ዛሬ አልደወለም ብሎ አይደነግጥም።

፫ኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

በጥር ወር ሁለቱ በረዶዎች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው ሁለት ቀን ወርዶ አጥሮቻችንን ዋጠ። ከዚያ ግማሽ ቀን ያህል ሰማዩ ጠራ። ጥራቱን ዐይቼ «ይሄ የሚያታልል ሰማይ ነው» አልኩ፤ የሰማኝ ድመቷ ብቻ ናት። አመሻሹ ላይ ሁለተኛው ጀመረ፤ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ ሲነጋ አባራ። ወጥቼ መለኪያዬን ብተክል በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥልቀት ዐይቼ አላውቅም። እንደ ሕፃን ጮቤ ረገጥኩ። ቀጥሎም ለማን እንደምናገረው አጣሁ። ክቡር ሆይ፣ ያንን ያህል ደስታ ብቻውን ይዞ ወጥ ቤት መቆም ምን እንደሚመስል መሣሪያዎ ቢነግርዎ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ቀትር ሲሆን ነውሩን ዋጥ አድርጌ ለአይለርት ደወልኩ። አላነሣም። ደግሜ ደወልኩ። በመስኮት ስመለከት የጭስ ማውጫው አይጨስም። መንገዱ ስላልተጠረገ የበረዶ መንሸራተቻዬን አጥልቄ ግግር በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ ተሻገርኩ።

ያገኘሁት ማገዶ ቤት ውስጥ ነው። በሁለቱ በረዶዎች መካከል እንጨት ሊያመጣ ሲገባ የጣሪያው በረዶ ተንዶ ዳሌውን ሰብሮታል፤ በሩንም ከውጭ ደፍኖታል። አንድ አሮጌ የፈረስ ብርድ ልብስ ተከናንቦ አድሯል። በአካፋ ቆፍሬ ስደርስበት ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣

«መጀመሪያ ንገሪኝ፤ ስንት ለካሽ?» አለኝ።

ነገርኩት።

«ውሸትሽን ነው» አለና ዐይኑን ጨፈነ።

ሄሊኮፕተር መጥቶ ወሰደው። ዳሌው ተጠገነ፤ ሁለት የእግሩን ጣቶች ግን ብርዱ ወሰዳቸው። ሐኪሙ «ማለዳ ተደርሶለት ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር» አለኝ። ማለዳ ማለት፣ ክቡርነትዎ፣ ሱኒቫ «አይለርት የት አለ?» ብላ የምትጠይቅበት ሰዓት ነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ሴት ልጁ ወደ ባሕር ዳርቻው ከተማ ወሰደችው። ባለፈው ሳምንት ደወልኩለት።

«እዚያ ምን ወረደ?» አልኩት።

«ዝናብ።»

«ስንት?»

«ዝናብ ደግሞ ማን ይለካል፣ ሴትዮ!» አለኝ። «በይ እስቲ፣ ያንቺን ንገሪኝ» አለ ቀጥሎ። ትንሽ ጨምሬ ነገርኩት። አልተከራከረኝም። ስልኩን ዘግቼ ያለቀስኩት ስለዚህ ነው።

መሣሪያውን ይንቀሉልኝ አልልም፤ ጎረቤቴ እሱ ብቻ ነውና ቢቀር ቅር ይለኛል። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፦ በሌሎቹ ሸለቆዎች የቀሩትን ሽማግሌዎች በየማለዳው አንድ ሰው ስለ በረዶው ይጠይቃቸው። ቁጥሩን ከፈለጋችሁ ጣሉት።

በክቡርነትዎ ጥበብ እየተደነቅሁ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ሙቀት ያልተቋረጠ፣ ለመስኮትዎ ብርሃን ያልጎደለ ክረምት የምመኝልዎ፣

የቀድሞ ታዛቢዎ
ራግንፍሪድ ሃውግስቦ፣ ከስካርቬዳል

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከጽሕፈት ቤትዎ የተቀዳ የሴት ድምፅ ደውላ በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካሁ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር እንድጫን ጠየቀችኝ። ምንም ሳልጫን ስለ አይለርት፣ ስለ ጉልበቴና ሌሊቱን ስለ ወረደው በረዶ ነገርኳት፤ መስመሩ በራሱ እስኪቋረጥም አላቋረጠችኝም። በዚህ ክረምት ከመሥሪያ ቤትዎ ያዳመጠችኝ እሷ ብቻ ስለሆነች፣ እባክዎ የደረጃ ዕድገት ይስጡልኝ።