በቴከር ማሳ ሳልደፍነው የሄድኩት ጉድጓድ

ውድ ክላይቭ፣

የዛሬ ስድስት ዓመት የቴከር ላም እግሯን የሰበረችበትን ጉድጓድ፣ አብረን የጥንት ሳንቲም ስንፈልግ ቆፍሬ ሳልደፍን የሄድኩት እኔ ነኝ። ቴከር አንተን ጠርጥሮ ከማሳው ሲያባርርህ፣ አጠገብህ ቆሜ ጫማዬን እጠርግ ነበር። ሚስቴ ዶሪን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስክትሞት ድረስ "ንገረው" ትለኝ ነበር፤ እኔም "ነገ" እላት ነበር።

ዛሬ እዚህ ዮርክሻየር አዲሱን ብረት መፈለጊያዬን ሞከርኩት። አሮጌው ዝም ብሎ የሚያልፈውን ሁሉ ይህኛው ይጮህበታል። እስከ ምሳ ሰዓት ሰባት የቢራ ቆርኪ አወጣሁ። ከዚያ እንደ ጥፍር የሳሳች የብር ሳንቲም ከነንጉሧ ምስል ወጣች። አፈሯን ሳራግፍ የማሳው ባለቤት ሚስስ ሆብዴይ ከአጥሩ ማዶ፣ "ንጉሡን ኋላ ያዩታል፣ አባባ፤ መጀመሪያ ጉድጓዴን ይድፈኑልኝ" አለችኝ።

"ሁልጊዜ እደፍናለሁ" አልኳት። አፌ ላይ እንዴት እንደቀለለኝ።

የዚህ አገር አፈር እንደ ሊጥ አካፋ ላይ ይጣበቃል፤ ደፍኜ ሣሩን እስክመልስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። የኛ አሸዋማ ስለሆነ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ያን ቀን ዝናብ ጀመረና ሁለቱን ደቂቃ ሰሰትኩ። ማታ ማታ ስጸልይም ይህችን እየዘለልኩ ኖርኩ።

የምጽፍበት ፖስትካርድ ቦታው ሊያልቅብኝ ነው። ባለቤትህን ሞሪንን ሰላም በልልኝ፤ ለጉልበቷም እግዜር ምሕረቱን ይላክላት። ካረፍኩበት ቤት ለቴከር ደውዬ ጉድጓዱ የኔ መሆኑን ነገርኩት። እሱም፣ "ክላይቭን በሩ ክፍት ነው በለው፤ አንተ ግን በአጥሩ በኩልም እንዳትታየኝ" አለ።

ሌነርድ